የአንድ ሌሊት ክስና የብዙ ዓመት ግፍ

ከደሎ መና ተነሥቶ ወደ ሮቤ የሚሄድ ሰው፣ ከቡናው ቆላ በሐረና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሪራን አልፎ፣ በውርጩ ከሚታወቀው ከሳነቴ አምባ ሲደርስ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን በቅርብ እያየ ሜዳውን አቋርጦ፣ ቁልቁል ወደ ጎባ ይወርድና ከዚያ ወደ ባሌ ዞን መቀመጫ ወደ ሮቤ ይደርሳል። ለነጋዴ ይህ የቡና መንገድ ነው፤ ለጎብኚም የቀይ ቀበሮ አገር መንገድ ነው። ነገር ግን የነፍስ ግድያ ክስ በወረዳ ችሎት የማይዳኝ፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየው ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በእንዲህ ያለ ክስ የተያዘች የደሎ መና ሴትም የምትጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ስትጓዝም እርሷን የሚከሳት ነገር ሁሉ፣ ይኸውም የአስከሬኑ ምርመራ ወረቀት፣ የተያዘው መሣሪያ፣ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል፣ አብሯት ይወጣል፤ ስለ እርሷ ሊናገርላት የሚችለው ግን፣ ይኸውም ጩኸቷን በየሌሊቱ የሰማው ጎረቤት፣ ፊቷ አብጦ ውሃ ስትቀዳ ያያት ባልንጀራ፣ ደጋግሞ ያስታረቃት ሽማግሌ፣ ከተራራው ማዶ በቆላ ይቀራል።

በዚህ ዳሰሳ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ በባላቸው ወይም አብሯቸው በሚኖር ሰው እጅ ለብዙ ዘመን ግፍ ሲቀበሉ የኖሩና ከዚያው ግፍ በተወለደ ድርጊት ወኅኒ የወረዱ ሴቶች በሕጋችን፣ በባህላችንና በፍርድ ቤቶቻችን ዘንድ እንዴት ይታያሉ፤ እንዴትስ ሊታዩ ይገባል? ሐሳቤን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ሕጋችን ለእነዚህ ግፉዓን በሩን ጨርሶ የዘጋ አይመስለኝም። በጽሑፉ ውስጥ ርኅራኄ የሚገባባቸው መስኮቶች አሉ። በሩ የሚዘጋው ዳኛው ስለ አንድ ሌሊት ብቻ ሲጠየቅ፣ የሴቲቱ ነገር ግን የብዙ ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ያ የብዙ ዓመት ነገር በማንም መዝገብ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ስለዚህ ስለ ፍትሕ ማሻሻያ ስንነጋገር አዲስ አንቀጽ ከመጻፋችን በፊት፣ ወይም ከመጻፋችን ጋር፣ የኖረውን ግፍ ወደ ችሎት የሚያመጣ መንገድ መጥረግ አለብን።

ግፉ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ሆነ ከግምት ያለፈ ማስረጃ አለን። የዓለም የጤና ድርጅት በብዙ አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶ 71ዱ በዕድሜያቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ይህም ጥናቱ በተደረገባቸው ቦታዎች ሁሉ ከተገኙት ቁጥሮች እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነበረ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቆ፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 34ቱ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም መንፈሳዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አገኘ፤ ባሌ የምትገኝበት ኦሮሚያም ቁጥሩ ከፍ ካለባቸው ክልሎች አንዱ ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። ባል ሚስቱን በአንዳንድ ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ብለው ያመኑት ሴቶች ከመቶ 63 ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ። ጥቃት ከደረሰባቸውም ሴቶች ከሦስት ሁለቱ እጅ ያህሉ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም፤ ከተናገሩትም አብዛኞቹ ወደ ዘመድና ወደ ጎረቤት እንጂ ወደ ፖሊስ አልሄዱም። ገመናን መሸፈን እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገር፣ ሴቲቱ የተሸከመችው ዝምታ ኋላ በችሎት ፊት በእርሷ ላይ ይመሰክራል፦ «ይህን ያህል ከተበደልሽ ስለ ምን እስከ ዛሬ አላመለከትሽም?» የሚለው ጥያቄ ከዐቃቤ ሕግም ከዳኛም አፍ ለመውጣት የቀለለ ነው።

በአገራችን ማረሚያ ቤቶች ውስጥ ሴቶች ከታራሚው ሁሉ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። የቁጥራቸው ማነስ ተረስተው እንዲቀሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ሕንጻው፣ ደንቡ፣ የሥራ ሥልጠናው ሁሉ በወንድ ታራሚ ልክ የተሰፋ ነውና። ሁሉም ባል ገድለው የገቡ አይደሉም፤ በመሸሸጊያ ያሳደጉትን ፅንስ ወልደው በጭንቀት ያጠፉ፣ ባላቸው አዝዟቸው ዕቃ ያሸሹ፣ በጠብ መካከል ሰው ያቆሰሉ አሉ። የእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ሕግ አለው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የምቆየው የሕጉ ሚዛን እጅግ በሚጠብበት፣ ማለትም በነፍስ ግድያው ላይ ነው።

በቀደመው ዘመን ፍትሐ ነገሥትን እያነበቡ የሚፈርዱ መምህራንና ሊቃውንት በፈቃድ የተደረገውን ግድያ ያለ ፈቃድ ከተደረገው ይለዩ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ባዘጋጁት ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ፣ ይህን መለየት በዘመናዊ መልክ አጸና፤ ነገር ግን ሴትን በሚመለከት ታላቅ እንከን ነበረበት። ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር፤ ደፋሪውም እንዲሁ። በሕግ ፊት ጋብቻ የወንጀል መሸፈኛ የሆነበት ያ ድንጋጌ እስከ 1997 ዓ.ም. ኖረ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ድንጋጌውን ሻረ፤ ጠለፋን በአንቀጽ 587 በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገ፤ በአንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የኦሮሚያም የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 ወጥተው፣ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥርዓት ለውጠዋል። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እርምጃውን ላስገኙት ሴቶች የሕግ ባለሙያዎችም ምስጋና ይገባል። ሆኖም አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ከሚል ቃል ጋር ስላሰረው፣ በጋብቻ ውስጥ የሚደረገው ግዳጅ እስከ ዛሬ በስሙ አይጠራም። የተመታች ሚስት ባሏ ከቤቷ ወይም ከአጠገቧ እንዲርቅ በፍጥነት ትእዛዝ የምታገኝበት፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ ራሱን የቻለ ሕግም የለንም።

አሁን ወደ ግድያው አንቀጾች እንግባ። አንቀጽ 539 በጭካኔ ወይም አስቀድሞ በማሰብ የተደረገውን ከባድ ግድያ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል፤ አንቀጽ 540 ተራውን ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 541 ደግሞ ቀላሉን ግድያ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ከ5 ዓመት ከማይበልጥ ቀላል እስራት እስከ ሞት ቅጣት ድረስ ባለው በዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ ሴቲቱ የምትወድቅበትን ቦታ የሚወስነው ችሎቱ ታሪኳን ከየት ጀምሮ እንደ ሰማ ነው። ታሪኩን ከዚያች ሌሊት ከጀመረው፣ የተኛ ባሏን የገደለች ሚስት፣ ወይም በምግብ መርዝ የጨመረች ሚስት፣ ከሁሉ የከፋች፣ አስባ የገደለች ሆና ትታያለች። ነገር ግን ጉልበት የሌለው ሰው ጉልበተኛውን ፊት ለፊት ሊመክተው እንደማይችል፣ ፊት ለፊት በመከተችባቸው ጊዜያት ሁሉ ተሰብራ እንደ ወደቀች፣ የቀረላትም ጊዜ እርሱ የሚተኛበት ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ለሚያስተውል ሰው፣ ያ «ማሰብ» የተባለው ነገር ከፍርሃት የተለየ ምንጭ ያለው አይሆንም። በጠብ መካከል አንቆ የሚገድል ባል በቁጣ ገደለ ተብሎ ሲቀልለት፣ በፍርሃት የምትገድል ሚስት አስባ ገደለች ተብላ ሲከብድባት ማየት፣ ርትዕን ለሚወድ ልቡና ከባድ ነው።

እንደ ተባለውም ሕጉ መስኮቶች አሉት። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ፣ ሌላም ማምለጫ የሌለበት መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ከመጠን ያለፈ መከላከል በተደረገ ጊዜ ቅጣቱ እንዲቀል ያደርጋል፤ ማለፉ ጥቃቱ ባመጣው ሊታለፍ በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የተነሣ ከሆነም፣ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርግ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 82 በከባድ መከራ ወይም በተገቢ ፍርሃት የተደረገውን ድርጊት በማቅለያ ምክንያትነት ይቆጥራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንቀጽ 541 ነው፤ በከባድ ማስቆጣትና በድንገተኛ መደናገጥ ከተደረገው ግድያ ጎን ለጎን፣ በሁኔታዎች ምክንያት ሊገባንና በከፊልም ቢሆን ይቅር ሊባል በሚችል ብርቱ የመንፈስ መናወጥ የተደረገውንም ግድያ ያቀላልና። ይህ ሁለተኛው ክፍል ድንገተኛነትን የግድ አያደርግም። ለአሥር ዓመት የተጠራቀመ ሽብር የሰውን መንፈስ ከማናወጥ የሚያንስ ነገር አይደለም፤ እንዲህም ብሎ የሚተረጉም ዳኛ ከሕጉ ቃል አልወጣም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው ትርጉም በአገሪቱ ላሉ ፍርድ ቤቶች ሁሉ አስገዳጅ ስለ ሆነ፣ አንድ ጥርት ያለ ትርጉም ብዙ አዋጅ የሚሠራውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ለፌዴራሉ ሰበር ግን ክርክሩ በአፋን ኦሮሞ ከተካሄደበት ከሮቤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ መሄድ አለበት፤ ለዚህም ጠበቃ፣ ገንዘብና ጊዜ ያስፈልጋል። በአብዛኛው እነዚህ ሴቶች ሦስቱም የላቸውም።

ሕጋዊ መከላከልን በሴት አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው ጉዳይ የተነሣው ከባሌ ጎረቤት ከአርሲ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የ14 ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ልታመልጥ ስትሞክር ሲያሳድዷት በያዘችው መሣሪያ ጠላፊዋን ገደለችው። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነው፣ ቆመውላት ተከራከሩላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩን ለዓለም አሳየ። ይህ ፍርድ ታላቅ ፍርድ ነው። ነገር ግን ስለ ምን እንደ ተሳካ በጥንቃቄ መመልከት ይገባል፦ ልጅቱ ያላገባች ነበረች፤ የያዛት ሰው ባል አልነበረም፤ ጥቃቱ በዚያችው ሰዓት እየተፈጸመ ነበረ፤ የሚያሳድዷትም ብዙ ነበሩ። ሁሉ ነገር ሕጉ በጻፈው ልክ ገጠመ። የዚያችው ልጅ ጠላፊ በሽማግሌ ተዳኝቶ ቢያገባት ኖሮና አሥር ዓመት ሲደበድባት ኖሮ፣ አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ብትገድለው ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጠበቃ ቆሞላት እንኳ ነጻ ትወጣ ነበር ለማለት እቸገራለሁ። የተለወጠው ግን የጊዜው ርዝመት እንጂ ግፉ አይደለም፤ እንዲያውም ግፉ በዝቷል።

ወደ ባሌ ስንመለስ የምናገኘው ነገር ተስፋም ትካዜም ይሰጣል። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስታገባ ከእናቷ እጅ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ በትር አለ፤ ዛሬ ባንክ ሳይቀር በስሙ ይጠራል። ሲንቄ የያዘች ሴት የምትከበር ናት፤ ሲንቄ ይዘው በወጡ ሴቶች ፊት ወንድ አቋርጦ አያልፍም። ሚስት በተበደለች ጊዜ፣ በተለይም ቀነፋ በሚሏት በአራስነቷ ወራት ተመትታ እንደ ሆነ፣ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው፣ ልጅ የያዘችውም ከነልጇ፣ በትራቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው ባልየው ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍልና ከብት እስኪያርድ ድረስም ወደ ቤታቸው አይገቡም። በደርግ ዘመን ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታስረው የነበሩት ጋዜጠኛ ማርታ ኩዌ ኩምሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለዚህ ሥርዓት ጽፈዋል፤ የኖርዌይዋ ተመራማሪ ማሪት ኦስተቦም በባሌ ተቀምጠው ወዩ የሚባለውን፣ ሴትን በተለይም እናትን የተቀደሰችና የማትነካ የሚያደርገውን አስተሳሰብ አጥንተዋል።

ሲንቄን የማነሣው ቀድሞ የነበረውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የጥቃትን ነገር ከገመናነት አውጥቶ በአደባባይ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነውና፣ በዘመናችን ቋንቋ ማስረጃን ያቆያል ማለት ይቻላል። ሲንቄ ይዛ የወጣች ሚስት ስለ መበደሏ አንድ መንደር ሙሉ ምስክር አላት። ይህ ሥርዓት ግን በሃይማኖት ትምህርት መለወጥ፣ በከተማ መስፋፋትና በትውልድ መራራቅ ምክንያት በብዙ ቦታ ደክሟል፤ በቆመበትም ቦታ ቢሆን ፍጻሜው እርቅ ነው። ባል ይምላል፤ ከብት ይታረዳል፤ ሚስት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሽማግሌዎች ሰላም ያወርዳሉ፤ ነገር ግን አይጽፉም። ሦስት ጊዜ ተጣልታ ሦስት ጊዜ የታረቀች ሴት በአራተኛው ጊዜ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ስትቆም፣ ሦስቱ እርቆች በባልየው ላይ የተሰጡ ሦስት ምስክርነቶች ሆነው ሳሉ በመዝገቡ የሉም፤ ተከላካይዋም ስለ እነርሱ ላይሰማ ይችላል። ሽማግሌውም ለምስክርነት ተጠርቶ ከደሎ መና ወደ ሮቤ ይወጣ ዘንድ የሚከፍልለት የለም።

ለዚህም ነው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ ክልል የባህላዊ ፍርድ ቤቶች ማቋቋሚያና ዕውቅና መስጫ አዋጅ ቁጥር 240 ለዚህ ጉዳይ ታላቅ ትርጉም ይኖረዋል የምለው። አዋጁ ለዘመናት በዛፍ ጥላ ሥር ሲሰጥ ለነበረው ዳኝነት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። አንዳንድ የሕግ ሰዎች ይህ ለሴት አደጋ ነው ይላሉ፤ ችሎቱ የወንዶች ችሎት ሆኖ ከቆየ፣ የተመታችውን ሚስት ወደ መቻል ይገፋታል ይላሉ። ሥጋታቸው እውነተኛ ሥጋት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ዕውቅና ያገኘ ችሎት ግን መዝገብ እንዲይዝ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዕውቅና ያላገኘውን ሽማግሌ ማንም ጻፍ ሊለው አይችልም ነበር። የባህላዊው ፍርድ ቤት በባልና ሚስት መካከል የመታውን፣ የተመታችውን፣ የተከፈለውን ካሣና የተገባውን መሐላ በአጭሩ ቢጽፍ፣ ግልባጩም በወረዳው ፍርድ ቤት ቢቀመጥ፣ የዞኑ ዳኛ አስፈላጊ ሲሆን የሚያዝዘው መዝገብ ይኖረዋል። ትዳራቸውን በሁለቱ ወገን ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያስዳኙ ብዙ የባሌ ሴቶች ስላሉ፣ በቃዲው ፊት የቀረበ የፍቺ አቤቱታም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈችው አንዲት የመደብደብ አቤቱታ ከዓመታት በኋላ የአንዲት ነፍስ ዕጣ ልትወስን ትችላለች። የጤና ጣቢያውም መዝገብ አለ፤ «ወደቅሁ» ብላ የመጣችውን ሴት ማን እንደ ጣላት በብልሃትና በምስጢር የሚጠይቅና የሚጽፍ ነርስ፣ ሳያውቀው የፍትሕ አገልጋይ ነው።

በዓለም ዙሪያ ይህ ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤቶች የገባበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በላቫሊ ጉዳይ፣ አብሯት የሚኖረውን ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ከኋላው በጥይት የመታችን ሴት ሁኔታ ለመረዳት የባለሙያ ምስክርነት እንዲሰማ ፈቀደ፤ ለብዙ ዘመን የተደበደበች ሴት አደጋ መቅረቡን የምታውቅበት ዕውቀት ከሌላው ሰው እንደሚለይ ተቀበለ። በእንግሊዝ ኪራንጂት አህሉዋሊያ ከአሥር ዓመት ግፍ በኋላ ባሏን በእሳት በማቃጠሏ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ፍርዱ ተሽሮላት ወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውም ሕግ «መቆጣት ድንገተኛ ካልሆነ አይቆጠርም» የሚለውን የቆየ መስፈርት አስቀረ። በፈረንሳይ ዣክሊን ሶቫዥ ከ47 ዓመት የመከራ ጋብቻ በኋላ ባሏን ገድላ አሥር ዓመት ሲፈረድባት፣ ፕሬዚዳንት ኦላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሙሉ ምሕረት አደረጉላት። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ግን የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው ሕግ ነው፤ ጥቃቱ ለወንጀሉ ጉልህ ምክንያት መሆኑን ያስረዳች ሴት በፍርዱ ጊዜ ቅጣቷ ዝቅ እንዲልላት ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ተፈርዶባት በወኅኒ ያለችውም ተመልሳ እንድትታይ ፈቀደ። የሶቫዥ ምሕረት ለአንዲት ሴት ነበረ፤ የኒውዮርኩ ሥርዓት ግን ስሟን ማንም የማያውቃት ሴትም ልትገባበት የምትችል በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፦ «እንዲህ ከሆነ ባል መግደል ተፈቀደ ማለት ነው፤ የሟቹስ እናት፣ የሟቹስ ልጆች?» ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። ሟቹ ደም አለው፤ ነፍስ ማጥፋትም በእግዚአብሔርም በሰውም ዘንድ ከባድ ነው። የሚለመነው ግን ፍርድ እንዲቀር አይደለም። አገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብላ እንዳወቀችው፣ ሰው ቅጣቱን የሚቀበለው ነገሩ ተሰምቶለት ሲቀጣ ነው፤ ታሪኳ ከመካከሉ ተቆርጦ የተሰማላት ሴት ግን ነገሯ አልተሰማም።

በወኅኒ ውስጥ ያለው ኑሮ በአጭሩ ይነገር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. የተቀበላቸው፣ የባንኮክ ደንቦች የሚባሉት 70 ደንቦች፣ ፍርድ ቤቶች የሴቲቱን የልጅ አሳዳጊነትና ያለፈ ሕይወቷን እንዲመለከቱ፣ ማረሚያ ቤቶችም የደረሰባትን ጥቃት ጠይቀው እርዳታ እንዲሰጧት ይጠይቃሉ። በእኛ አገር የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138/1999 የእናት እንክብካቤ የሚያስፈልገው፣ ዕድሜው ከ18 ወር ያልበለጠ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ መሄጃ የሌላቸው ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆችም በግቢው ሲያድጉ ይታያል። ባሏን የገደለች እናት ግን ከሌሎች እናቶች የተለየ ጭንቀት አለባት፤ ልጆቿ የአባታቸው ጎሣ ናቸውና ከሟቹ ወገን እጅ ይገባሉ፤ ስለ እናታቸው የሚሰሙትም ነገር ከዚያው ወገን አፍ የሚወጣ ነው። ከእስር ስትወጣም የምታርፍበት ቦታ የለም፤ በወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በአዳማ መጠለያ ቢከፍትም፣ ለደሎ መና ሴት አዳማ የሩቅ አገር ናት። ግድያው ከመድረሱ በፊትም የምትሸሽበት መጠለያ አልነበራትም፤ በባሌ ደጋ አንድ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር ሁለት ነፍስ፣ የእርሷም የባሏም ነፍስ፣ ሊተርፍ ይችል ነበር።

የተፈረደባቸውን በተመለከተ ዛሬ ሁለት በሮች ክፍት ናቸው። አንደኛው አመክሮ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቷ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመች፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረች፣ ጠባይዋ ከተመሰከረላት ትወጣለች። ሁለተኛው ይቅርታ ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ከ4 ሺህ በላይ ለሆኑ ታራሚዎች ይቅርታ ሲያደርጉ እንዳየነው፣ መንግሥት ከወደደ በአንድ ቀን ብዙ በር ይከፍታል። ሆኖም እንዲህ ያለው ይቅርታ በአብዛኛው ለቀላል ወንጀል የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ በግድያ የተፈረደባት ሴት ከዚያ ውጭ ትቀራለች። ስለዚህ የፋይል ምርመራ ያስፈልጋል እላለሁ። በክልሉ ፍትሕ ቢሮና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተከላካይ ጠበቆች ሥር ሆኖ፣ በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹንና መምህራኑን አሰልፎ፣ የሴት ታራሚዎች መዝገብ አንድ በአንድ ሊነበብ ይገባል፦ በክርክሩ ጊዜ ጠበቃ ነበራት ወይ? ስለ ጥቃቱ ተጠይቃ ነበር ወይ? ሽማግሌዎቹ ተጠርተው ነበር ወይ? አንቀጽ 541 ወይም 79 በክርክሩ ተነሥቶ ነበር ወይስ በእምነት ቃሏ ብቻ ተፈርዶባት ቀርቷል?

ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ነገር ወደ ይቅርታ ቦርድ ሲቀርብም አንድ እንቅፋት አስቀድሞ መነሣት አለበት። ይቅርታ ሲጠየቅ ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቅ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል፤ ጉማ በሚባለው የደም ካሣ ሥርዓት ደም በሚደርቅበት አገር ይህ መልካም ነገር ነው፤ ጎሣ ከጎሣ ሲታረቅ ሌላ ደም አይፈስምና። ነገር ግን የሟቹ ወገን ራሱ የግፉ ምስክር ሆኖ ዝም ያለ፣ ልጆቿንም የያዘ፣ አንዳንድ ጊዜም መሬቷን የሚያርስ ወገን ሲሆን፣ እርቁን አልፈልግም ማለት ለእርሱ ጥቅም ይሆናል፤ የእርሷም ነጻነት በዚያው ወገን እጅ ይወድቃል። ሴቲቱ እርቅ ለመፈጸም መላኳንና መለመኗን፣ ወገኖቿም ጉማውን ለመክፈል መቅረባቸውን የአገር ሽማግሌዎች ወይም የባህላዊው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ካረጋገጡላት፣ የሟች ወገን እሺ ባይልም እንኳ፣ ቦርዱ ይህን እንደ ተፈጸመ እርቅ ቆጥሮ ልመናዋን ሊመለከትላት ይገባል።